ስልክ፣ ባለሙያ ወይስ የእህት ልጅ? ለትንሽ ሱቅ የማሳያ ቪዲዮ ስትጀምሩ ምኑን ከምኑ ትመርጣላችሁ

«ልጄ፣ ይሄ የሸጥሽልኝ ምጣድ እንጀራዬን ያዘብኝ እኮ።»

ይህን ስልክ በሳምንት ስንቴ እንደማነሳ አትጠይቁኝ። የምሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሱቄ ፒያሳ ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲነሳ እኔም አብሬ ተነሳሁና አሁን አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ነኝ። ፒያሳ እያለሁ ምጣድ ያስቸገራት ደንበኛ ታክሲ ይዛ ትመጣለች፣ እንጀራ እንዳይዝ በጎመን ዘር ደጋግሜ አሽቼ፣ ማለት አሟሽቼ አሳያታለሁ፣ ቡና እንጠጣለን፣ አለቀ። አሁን ግማሾቹ ሱቁ የት እንደገባ አያውቁም፤ የሚያውቁትም ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋልና ለአንድ ጥያቄ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይረው አይመጡም። ይደውላሉ። ምጣድ ማሟሸትን በስልክ ማስረዳት ደግሞ በስልክ እንደ ማጉረስ ነው።

ለዚህ ነው ቪዲዮ የጀመርኩት። እናንተ ፀጉር ትሠሩ ይሆናል፣ ስልክ ትጠግኑ ይሆናል፣ የውሃ ማጣሪያ ትሸጡ ይሆናል። ደንበኛ እየደጋገመ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ካለ የኔ ልፋት ይጠቅማችኋል። የሞከርኳቸውን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፣ የትኛውን እንደያዝኩ፣ የትኛውን እንደጣልኩም እናገራለሁ። ዋጋ ግን አልጽፍም። ሐምሌ 2016 የብሩን ምንዛሪ ገበያው ይወስነው ከተባለ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ጠዋት ሌላ ማታ ሌላ ነው፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸታም ያደርገኛል። የማወራው ገንዘባችሁን ምን ላይ ብታወጡ እንደሚሻል ነው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ካሜራ ላይ አይደለም።

ማን ይቅረጸው?

መጀመሪያ ያደረግኩት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ሰርግ የሚቀርጽ ባለሙያ ጠራሁ። ሁለት መብራትና አንድ ረዳት ይዞ መጣ፣ ግማሽ ቀን ሠራ፣ ከሳምንታት በኋላ ፋይሉን ሰጠኝ። ውበቱ ልክ የለውም! እንፋሎቱ በዝግታ ይወጣል፣ እንጀራው ዓይን ሲያወጣ ከቅርብ ይታያል፣ ከበስተኋላ ዋሽንት አለ። ውጭ ያለችው እህቴ አይታው አለቀሰች። ደንበኞቼ ግን መደወላቸውን አልተዉም። ሁሉም የሚጠይቁት የጎመን ዘሩን ነገር ነበር፣ ያ ደግሞ በቪዲዮው ውስጥ አራት ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። ስንት እፍኝ እንደሆነ አይታይም፣ ምጣዱ ምን ያህል እንደጋለ አይታይም፣ ጨርቁ ከመሀል ወደ ዳር ይሂድ ከዳር ወደ መሀል አይታይም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። እሱ የሚያውቀው ሙሽራ ነው፤ እኔም ምን መታየት እንዳለበት አልነገርኩትም። ምን ልነግረው? ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር።

ባለሙያ የሚያዋጣው ለዓመታት የማይለወጥ ነገር ሲኖራችሁ ነው፤ ድርጅታችሁን የሚያስተዋውቅ ቪዲዮ፣ ለጨረታ የሚቀርብ ነገር፣ እንዲህ ያለው። የማሳያ ቪዲዮ ግን ይለዋወጣል። ፋብሪካው የምጣዱን ማብሪያ ከግራ ወደ ቀኝ ካዞረው ቪዲዮው አረጀ፣ እንደገና ደግሞ ከመክፈል በቀር መላ የለም።

ሁለተኛዋ አማራጭ የእህት ልጅ ናት። የእህት ልጅ ከሌላችሁ የጎረቤት ልጅ፣ የሠራተኛችሁ ታናሽ ወንድም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቲክቶክ ላይ እጁ የፈጠነ አንድ ልጅ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። የኔዋ በአንድ ከሰዓት ሦስት ቪዲዮ ሠራችልኝ። ሕይወት አለው፣ ያስቃል፣ ተመልካችም አመጣ። ችግሩ ማሟሸት ትዕግስት ነው፣ እሷ ደግሞ ትዕግስቱን ቆርጣ ጣለችው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዙር «ያው እኮ ነው፣ ይደብራል» ብላ አወጣችው። ያንን ያየች አንዲት ደንበኛ አንዴ ብቻ አሽታ ሊጥ አፈሰሰችበት፣ ያዘባት፣ ደወለች። ደግሞ ፈተና ሲደርስ ልጅቷ ትጠፋለች። መጥፋትም አለባት።

ሦስተኛው ራሳችሁ ናችሁ። ጥያቄውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ደንበኛ የቱ ጋ እንደምትሳሳት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ አሁን እንዲህ ተስማምተናል፦ እኔ እቀርጻለሁ፣ እሷ ትቆርጣለች፣ ስትቆርጥ ግን እኔ ከጎኗ ቁጭ እላለሁ። «ይደብራል» ስትል «ይደብር» እላለሁ። ባለሙያ መጥራት የምትፈልጉ ከሆነ እንኳ መጀመሪያ በስልክ አምስት ስድስት ሠርታችሁ ደንበኛ ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ ምን እንደምታዙት ታውቃላችሁ።

ያላችሁ ስልክ ወይስ አዲስ ካሜራ?

ያላችሁ ስልክ። ይሄን ማስረዘም አያስፈልግም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወጣ ማንኛውም ደህና ስልክ ባለ 1080 ጥራት ይቀርጻል፣ ደንበኛችሁም የምታየው በስልክ ነው። 4ኬ በሚባለው ከፍተኛ ጥራት ካልቀረጽኩ አትበሉ። አይፎን ላይ በ30 ፍሬም (በሰከንድ 30 ምስል) የተቀረጸ የ1 ደቂቃ ባለ 1080 ቪዲዮ በቆጣቢው አሠራር ወደ 60 ሜጋባይት ይይዛል፣ 4ኬው ወደ 170። ስልኩ ይሞላል፣ መላኩ ይከብዳል፣ እንጀራው ያው እንጀራ ነው።

ለካሜራ ያሰባችሁትን ብር ለስልክ መቆሚያና ለማይክ አውሉት። መቆሚያ ስትገዙ አንገቱ ወደ ፊት የሚዘረጋውን ፈልጉ፤ የእጅ ሥራ ከላይ ወደ ታች ካልታየ አይገባም። የኋላውን ካሜራ ተጠቀሙ። የፊተኛው እንደ መስታወት ስለሚገለብጥ በአንዳንድ ስልክ የዕቃው ጽሑፍ ተገልብጦ ይቀራል። ከመጀመራችሁ በፊትም ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። እኔ በጣም ጥሩ የወጣልኝን አንዱን ቀረጻ ያበላሸችው ራሷ ምጣድ የያዘባት ደንበኛ ናት፣ መሀሉ ላይ ደውላ።

ድምፅ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ሰው ደብዘዝ ያለ ምስል ይችላል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይችልም፤ ወዲያው ጥሎ ይሄዳል። መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ጸጥታ አይሸጥም። እኔ በር ላይ ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል፣ ከጎኔ ያለው ብረታ ብረት ቤት ግራይንደሩን ያስነሳል፣ በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አለ፣ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ጄኔሬተር በሙሉ ይነሳል። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ጨምሩበት። ይሄን ሁሉ ስልኩ እኩል ይሰማዋል፤ የእናንተን ድምፅ ከወያላው አይለይላችሁም።

አራት መንገድ ሞክሬያለሁ።

ባዶ ስልክ፦ በክንድ ርቀት ውስጥ ከሆነ ይሠራል። ከዚያ ካለፈ ተዉት። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ማይኩ የሚደርሰው የድምፃችሁ ኃይል ወደ ሩብ ነው የሚወርደው፣ ወያላው ግን የነበረበት ነው።

ባለ ገመድ የደረት ማይክ፦ ርካሹና አስተማማኙ ይሄ ነው። ቦያ የሚባለው፣ ገመዱ 6 ሜትር የሆነው ኤም 1 በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አለ፣ ተመሳስሎ የተሠራውም ሞልቷል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ መሰኪያው ክቡ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ነው፤ አዳዲሶቹ ስልኮች ብዙዎቹ ያ ቀዳዳ የላቸውም፣ አዳፕተር ይፈልጋሉ። ሁለተኛ፣ ገመዱ መሀል ላይ ያለችው ሳጥን ስልክና ካሜራ የሚል ማቀያየሪያ አላት። እሷን ሳላይ ሙሉ ጠዋት ቀርጬ ሳዳምጠው ድምፄ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ መስሏል። የገመዱ ጉዳት ደግሞ ምጣድ አጠገብ ሲንጠለጠል መቅለጡ ነው፤ ከልብሳችሁ ስር አሳልፉት።

ገመድ አልባ ማይክ፦ የእህቴ ልጅ የምትምልበት ይሄ ነው። ለሚንቀሳቀስ ሰው እውነትም ምቹ ነው። ግን ባትሪው ማለቂያው ሁልጊዜ ሥራ መሀል ነው፣ ተቀባዩም ለየትኛው መሰኪያ እንደተሠራ ሳታዩ ከገዛችሁት ትሳቀቃላችሁ። ሱቁ ውስጥ በራሳችሁ ስልክ ሰክታችሁ፣ አስር እርምጃ ርቃችሁ፣ ተናግራችሁ፣ አዳምጣችሁ ግዙ። «ኦሪጅናል ነው» የሚለውን ቃል ጆሯችሁ ይፍረደው።

በኋላ ድምፅ መጫን፦ እኔ የያዝኩት ይሄን ነው። ሥራውን ዝም ብዬ እቀርጻለሁ፣ ወያላውም ግራይንደሩም የፈለጉትን ይበሉ። ማታ ቤት ገብቼ፣ ልጆች ሲተኙ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ስልኩን ከአፌ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጌ፣ ቪዲዮውን እያየሁ እናገራለሁ። ሳቁብኝ፣ ግን ብርድ ልብሱ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል። ሁለት ጥቅም አገኘሁበት። አንደኛ፣ እየሠሩ መናገር ከባድ ነው፤ እጅ ሲጠነቀቅ አፍ ይንተባተባል፣ አፍ ሲያምር እጅ ይሳሳታል። ሁለተኛውን ያሳየኝ ጊዜ ነው፦ ያንኑ ምስል ይዤ ሌላ ድምፅ መጫን እችላለሁ። አንዷን ደንበኛዬን ለምኜ በአፋን ኦሮሞ ተናግራልኛለች፣ የትግርኛውን ደግሞ ጎረቤቴ ቃል ገብታለች። እየተናገርኩ ቀርጬው ቢሆን ኖሮ ሦስቴ ማሟሸት ነበረብኝ።

ጉዳቱ? ሰው «ድምፁ ከአፏ አይገጥምም» እንዳይል ፊታችሁ መታየት የለበትም። ይሄ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ይወስደናል።

ፊት ወይስ እጅ?

ፊታችሁን ማሳየት እምነት ያመጣል፣ በተለይ የምትሸጡት ምክራችሁን ከሆነ። የሕፃናት ልብስ የምትሰፋ፣ ሒሳብ የሚሠራ፣ የሚያስጠና ሰው ፊቱን ያሳይ። እኔ ግን የምሸጠው ምጣድ ነው፤ ደንበኛዬ ማየት የምትፈልገው እጄን ነው። ካሜራ ፊት ስቀመጥ ደግሞ ምን እንደሚይዘኝ እንጃ፣ «ውድ ተመልካቾቻችን እንደምን ሰነበታችሁ፣ በዛሬው ዝግጅታችን» እያልኩ የቴሌቪዥን አቅራቢ እሆናለሁ። አርባ ሰከንድ በሰላምታ ያልቃል። እጅ ብቻ ሲሆን ሰላምታ የለም፤ በጥያቄው እጀምራለሁ። «እንጀራው ያዘሽ? ምጣዱ በደንብ አልተሟሸም ማለት ነው፤ ነይ ላሳይሽ።»

እጅ ስትቀርጹ ካሜራው ከሠሪው በኩል ይሁን፣ በትከሻ ላይ አሻግሮ የሚያይ ይመስል። ፊት ለፊት ካቆማችሁት ተመልካቿ ግራዋን ከቀኝ ትገለብጣለች። ለሊጥ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ሹሩባ ለሚሠራ ወይም ጥልፍ ለሚያስተምር ግን ትልቅ ልዩነት አለው።

የምታሳዩት ነገር ስልክ ላይ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ በቴሌብር እንዴት እንደሚከፈላችሁ፣ ፊትም እጅም አያስፈልግም፤ የስልኩን ስክሪን ቅረጹ። ብዙ ስልክ ላይ መሣሪያው አብሮ አለ። የሚስጥር ቁጥራችሁንና ቀሪ ሒሳባችሁን መሸፈን እንዳትረሱ እንጂ።

ብርሃን፣ እንፋሎትና ጥቁር ምጣድ

ሦስት ምርጫ አለ፦ መስኮት፣ ሪንግ ላይት የሚባለው ቀለበት የመሰለ መብራት፣ የሱቁ አምፖል። እኔ ለመስኮት ነኝ። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት በሬ በኩል የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፣ ነፃ ነው፣ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ቀን 6 ሰዓት ደጅ ወጥታችሁ አትቅረጹ። ፀሐያችን አናት ላይ ትቆማለች፣ ዓይን ስር ጥቁር ጥላ ይወርዳል።

ሪንግ ላይት ለፊት ጥሩ ነው፣ ለሚያብለጨልጭ ዕቃ ግን መጥፎ። የተሟሸ ምጣድ ልክ እንደ መስታወት ነው፤ መሀሉ ላይ ነጭ ቀለበት ቁጭ ይላል። የገዛችሁት ካለ ወደ ጎን አዙራችሁ ነጠላ ጣል አድርጉበት፣ ብቻ ጨርቁ እንዳይግል።

አምፖሉ የራሱ ጉድ አለው። አንዳንዴ የቀረጻችሁት ቪዲዮ ላይ ጥቁር መስመር ወደ ላይ ወደ ታች ሲሄድ አይታችሁ «ስልኬ ተበላሸ» ብላችሁ ይሆናል። አልተበላሸም። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራው ያየዋል። በ30 ፍሬም ስትቀርጹ ከአምፖሉ ጋር አይገጥምም። ስልካችሁን 25 ፍሬም ላይ አድርጉት፣ ወይም ካሜራው ፕሮ የሚለው ምርጫ ካለው ሹተሩን፣ ማለት ለአንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት። አይፎን ላይ 25 ፍሬሙ ካልታያችሁ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ሪከርድ ቪዲዮ ገብታችሁ ፓል ፎርማትስ የሚለውን አብሩት። እኔ ይሄን እስካውቅ ሁለት አምፖል ቀይሬያለሁ።

አሁን ምጣዱ። ካሜራ ጥቁር ነገር ሲሞላበት «ጨለመ» ብሎ ብርሃኑን ራሱ ይጨምራል። ምጣዱ ግራጫ ይሆናል፤ ሊጡን ስታፈሱበት እንጀራው ነጭ ወረቀት ይመስላል፣ አንድም ዓይን አይታይም። ደንበኛዋ ማየት የፈለገችው ደግሞ ዓይኑን ነው! መፍትሔው ቀላል ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ምጣዱ ዳር አንድ እንጀራ አስቀምጡ፣ ስክሪኑ ላይ እንጀራውን በጣታችሁ ተጭናችሁ ቆዩ፣ እስኪቆለፍ። ከዚያ እንጀራውን አንሱት። አሁን ካሜራው የሚለካው በእንጀራው ነው፣ ምጣዱ ጥቁር ቢሆን ግድ የለውም። ጥቁር ፀጉር የምትሠሩ፣ ጥቁር ጫማ የምትጠርጉ፣ ይሄ ለእናንተም ነው፤ ነጭ የሙሽራ ልብስ ለምትሰፉ ደግሞ የተገላቢጦሹ።

እንፋሎቱ? አክንባሎው የተከፈተ ለት ሌንሱ ጉም ለብሶ ቀረ። ሁለተኛው ላይም። በኋላ የገባኝ አክንባሎ ሲነሳ እንፋሎቱ መጀመሪያ የሚወጣው በተከፈተው በኩል ነው። አሁን ስልኩን ከጎን በግድም አቆማለሁ፣ አክንባሎውን ደግሞ ከስልኩ በሌላ በኩል ነው የምከፍተው። የመነጽር ጨርቅ ኪሴ ውስጥ አለ።

መቁረጫው

ቪዲዮውን ለመቁረጥ ካፕከት ወይም ኢንሾት የሚባሉት አፖች፣ ስልክ ላይ። ኮምፒውተር ካላችሁና ጊዜ ካላችሁ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ነው፣ ከሁለቱም ይበልጣል፣ ግን ጠንካራ ማሽን ይፈልጋል፤ የቢሮ ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ ማሽኑ ራሱ ምጣድ ይሆናል። በስልኩ ያላለቀ የማሳያ ቪዲዮ እስካሁን አላጋጠመኝም። ነፃው ላይ የሚለጠፈውን የአፑን ምልክትና ካፕከት መጨረሻ ላይ የሚቀጥለውን ክፍል ማጥፋት አትርሱ። ቁጥርና ልክ ያለበት ቦታ ላይ ጽሑፍ ጣሉ፣ «2 የሾርባ ማንኪያ» እንደሚለው። ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥ ድምፁን ዘግቶ ነው የሚያየው።

የት ይቀመጥ?

እዚህ ላይ የኔ ሐሳብ ከብዙ ሰው ይለያል። ሁሉም ቲክቶክ ይላል። ቲክቶክ አዲስ ሰው ያመጣል፣ እውነት ነው። ግን ማሳያ ቪዲዮ የሚፈለገው እንጀራ በያዘበት ሰዓት ነው፣ እጅ ሊጥ ሆኖ። ያኔ ማን ወደ ታች እየሄደ ይፈልጋል? ገጹ አናት ላይ ሁልጊዜ እንዲታይ ማሰር የሚቻለውም 3 ቪዲዮ ብቻ ነው።

ቴሌግራም ለኔ ዋናው ሆኗል። ደንበኞቼ ሁሉ አላቸው፣ ቻናሉ ላይ ቪዲዮው ከእነ ጽሑፉ ይቀመጣል፣ «ማሟሸት» ብላ ብትፈልግ ይመጣላታል፣ በነፃው አካውንት አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይጭናል። ምጣዱ ካርቶን ላይ የቻናሉን ኪውአር ኮድ ለጥፌያለሁ። ስማርት ስልክ የሌላት እናት ካለች ለልጇ ነው የምልከው። ዓረብ አገር ያሉት ደግሞ ኢሞ ይላሉ፤ እሺ፣ ኢሞም።

ዩቲዩብ ለረዥሙ ነው። ሳታረጋግጡ እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል፣ ስልክ ቁጥራችሁን ካረጋገጣችሁ ከዚያ በላይ። ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ እንዲያየው ማድረግም ይቻላል፤ ለአዲስ ሠራተኛ የሚሆነውን እዚያ ነው የማኖረው። መግለጫው ላይ 0:00 ብላችሁ ጀምራችሁ ደቂቃዎቹን ከነርዕሳቸው ከደረደራችሁ ቪዲዮው በምዕራፍ ይከፋፈላል፣ ደንበኛዋ የፈለገችውን ብቻ ትከፍታለች።

የት እንደሚቀመጥ ሲታወቅ የስልኩ አቅጣጫም ይታወቃል። ለቴሌግራምና ቲክቶክ ስልኩን አቁማችሁ ቅረጹ፣ ለዩቲዩብ አጋድማችሁ።

የደንበኛን ዳታ አስቡ። ከመቁረጫው ስታወጡት ቢትሬት የሚለውን በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት፣ ጥራቱን ባለ 720 ብታደርጉት 1 ደቂቃው ወደ 19 ሜጋባይት ነው። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ከ40 በታች ይሆናል። የባለሙያው የዋሽንት ቪዲዮ 900 ሜጋባይት ነበር። ማን ካርድ ሞልቶ ያወርደዋል?

ሁለት ማስጠንቀቂያ

ሙዚቃ። የምትወዱትን ዘፈን ከስር አትክተቱ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ዩቲዩብም ራሱ ይለይና ድምፁን ይዘጋባችኋል ወይም ማስታወቂያ ይለጥፍበታል። የግድ ካላችሁ የዩቲዩብ ኦዲዮ ላይብረሪ ውስጥ ነፃ ሙዚቃ አለ። ለማሳያ ግን ጭራሽ ባይኖር ይሻላል፤ የሊጡ «ጭስስ» ማለት ራሱ ትምህርት ነው፣ ምጣዱ መጋሉን ይናገራል።

ሰው ደግሞ። ደንበኛ ሱቅ ውስጥ ካለች አስፈቅዱ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣት ይከለክላል። ሕጉ የ1952 ነው፣ ቲክቶክ ባልታሰበበት ዘመን የወጣ፣ ግን ይሠራል።

ከኔው ሥራ አንድ ልጨምር፦ ቪዲዮ የማላደርገው ነገር አለ። ምጣድ ውስጡ ሲበላሽ እንዴት እንደሚጠገን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እምቢ ብያለሁ። ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት የሚስብ ዕቃ ነው፣ ወደ 16 አምፔርና ከዚያ በላይ ማለት ነው፤ ቪዲዮ አይቶ የሚከፍተው ሰው ከሶኬቱ መንቀሉን እኔ ቆሜ አላይለትም። በምትኩ የሠራሁት የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ አለ፦ የቀለጠ ኤክስቴንሽን በእጄ ይዤ «በዚህ አትሰኩት» የሚል። እስካሁን ከሁሉም በላይ የታየው እሱ ነው። የእህቴ ልጅ ተናዳለች፣ ምንም ኤዲት የለውማ።

ማሟሸቱን ባለፈው ወር እንደገና ቀረጽኩት። እጅ ብቻ፣ ሦስቱም ዙር ሳይቆረጥ፣ ድምፁ ከብርድ ልብስ ስር፣ 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። መጀመሪያ ላይ የደወለችልኝ እናት ልጅ ላኩለት። ማታ ደወለች።

«ልጄ፣ አሁን ገባኝ። ግን ጨርቁ ምን ዓይነት ጨርቅ ነው? እኔ በናይለኑ ባሸው ተጣበቀብኝ።»

እውነቷን ነው፣ የጥጥ ጨርቅ መሆን እንዳለበት የትም ቦታ አልተናገርኩም። ምስሉን አልነካሁትም፤ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩና አምስት ሰከንድ ድምፅ ጨመርኩበት።